ከረዳትነት እስከ ብቃት ማረጋገጫ፦ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ አጭር ታሪክ

የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ ስለ አባላት ቁጥር፣ ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ መጋዘንና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ምርቱ ከመጋዘን ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ፣ ማዳበሪያውም ከወደብ ተነሥቶ ቀበሌ እስኪገባ ድረስ በአንድ ባለሙያ እጅ የሚያልፍ መሆኑ እምብዛም አይወሳም። ይህ ባለሙያ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ነው። 400 ኩንታል የሚጭን አንድ ባለተሳቢ መኪና ሞልቶ ሲነሣ፣ እያንዳንዱ አባወራ ለገበያ 10 ኩንታል አቅርቧል ብንል፣ የ40 አባወራ የዓመት ልፋት በአንድ ሰው መሪ ሥር ይገባል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ሰው ማን አሠለጠነው? ማንስ ፈተነው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስዳል። ይህ ጽሑፍ የጭነት መኪና አሽከርካሪነት በአገራችን እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ፈቃዱና ፈተናው እንዴት እየተለወጠ እንደ መጣ፣ ዛሬ ለፈተና የሚዘጋጅ ወጣትም ከዚህ ታሪክ ምን ሊያገኝ እንደሚችል በአጭሩ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

መኪናና ባቡር

ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያዋ መኪና የገባችው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ መኪናዋን ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ፣ ለመኪና ተብሎ የተሠራ መንገድ በሌለበት አገር በረሃውንና ዳገቱን ለወራት እየታገለ አዲስ አበባ አደረሳት። ንጉሠ ነገሥቱም በአዲሱ ነገር እጅግ ተደስተው እንደ ተሳፈሩባት ይነገራል። በዚያን ጊዜ መንጃ ፈቃድ የሚሰጥም የሚጠይቅም አልነበረም።

የገበሬውን ምርት ግን ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሸከሙት በቅሎ፣ አህያና ግመል ናቸው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ቡናና ቆዳ በባቡር መጓዝ ጀመረ። ይሁንና ባቡሩ ሐዲዱ ካለበት ውጭ አይሄድም። ከሐዲዱ ርቆ የሚኖረው አርሶ አደር ምርቱን ጣቢያ ድረስ ለማድረስ የሲራራ ነጋዴ ጥገኛ እንደ ሆነ ቀረ።

በቃላት ውስጥ የቀረው ታሪክ

የጭነት መኪና በብዛት የታየው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ነው። ወራሪው ጦር ሠራዊቱንና ስንቁን ለማንቀሳቀስ ሲል ከአዲስ አበባ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ መንገድ አወጣ። የጣርማ በር ዋሻና የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። መንገዱ የተሠራው አገር ለመያዝ ነበር፤ በግንባታውም የብዙ ኢትዮጵያውያን ጉልበት ፈሶበታል። ከነፃነት በኋላ ግን እህል፣ ጨውና ቡና የሚመላለስበት የንግድ መስመር ሆነ።

ጣሊያን ከመንገዱ ጋር የጭነት መኪናዎቹንና ቃላቱን ትቶ ሄደ። ዛሬ በማንኛውም ጋራዥ የሚሰሙት ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎና ክሪክ የሚሉት ቃላት ሁሉ መነሻቸው ጣሊያንኛ ነው። ሾፌር የሚለው ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። በኋላ ዘመን በአገራችን መንገዶች ላይ ስሙን ያስጠራው የፊያት ጭነት መኪናም «ኤንትሬ» የተባለው፣ በላዩ የተጻፈው ፊደልና ቁጥር በጣሊያንኛ ሲነበብ እንዲሁ ስለሚባል ነው።

እነዚህ ቃላት የሚያሳዩት አንድ ቁም ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎች ሙያውን ከመጽሐፍ አላገኙትም። ከመካኒኩና ከሾፌሩ አጠገብ ቆመው፣ የተባለውን ዕቃ እያቀበሉ፣ ስሙን በጆሯቸው እየሰሙ ነው የተማሩት። በዚህ መንገድ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ባለሙያ ለመሆን በቃ።

ረዳትነት እንደ ትምህርት ቤት

ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ መንገዶች እየተጠገኑና እየተስፋፉ ሲሄዱ የጭነት መኪና ባለቤት የሆኑ ነጋዴዎች ቁጥር ጨመረ። የአሽከርካሪነት ትምህርት ቤቱ ያን ጊዜ ረዳትነት ነበር።

ረዳት የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከገጠር ወይም ከትንሽ ከተማ የወጣ ወጣት ነው። ሥራው ሌሊት ከመኪናው ጋር ማደር፣ ጠዋት ዘይትና የራዲያተር ውኃ ማየት፣ ሸራ መወጠርና ገመድ ማሰር፣ ጎማ ሲፈነዳ ክሪክ ገብቶ መቀየር፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ፈጥኖ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ማድረግ ነበር። መሪ ለመጨበጥ የሚፈቀድለት ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው። በመጀመሪያ በግቢ ውስጥ ያስጠጋል፤ ቀጥሎ ሜዳ በሆነ መንገድ ባዶውን መኪና ይይዛል፤ ጭነት ያለው መኪና በቁልቁለት መንዳት የመጨረሻው ትምህርት ነው።

የቁልቁለቱ ትምህርት ከሁሉ የከበደ ነበር። አባይ በረሃን ወይም ሊማሊሞን በጭነት የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን አዘውትሮ ከረገጠ ፍሬኑ ይግልና መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ አለበት። መሐል ላይ ከደረሰ በኋላ ማርሽ ለመቀየር መሞከር ሕይወት ያስከፍላል። ነባር ሾፌሮች ዳገቱ በወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱም ይወረዳል የሚል መመሪያ ነበራቸው። ይህ መመሪያ ዛሬም ለማንኛውም የከባድ መኪና ሠልጣኝ ይነገራል።

የረዳትነት ትምህርት ጉድለትም ነበረው። መጨረሻው በሾፌሩ ፈቃድ የተወሰነ ነው። ጥሩ ሾፌር የገጠመው ረዳት ጥሩ ሙያ ይይዛል፤ መጥፎ የገጠመው ደግሞ መጥፎ ልማድ ይወርሳል። የመንገድ ምልክትና የሕግ ዕውቀቱም በሰሚ ሰሚ የመጣ ስለ ነበር በየሾፌሩ ይለያይ ነበር። ከዚህም በላይ ረዳቱ ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለበት የሚወስንለት፣ ሲበደልም የሚያቆምለት አካል አልነበረም።

ከግራ ወደ ቀኝ

መኪና እየበዛ ሲሄድ ሕግ አስፈላጊ ሆነ። በዚህ ረገድ 1956 ዓ.ም. ሁለት ትላልቅ ለውጦች የታዩበት ዓመት ነው። አንደኛው የትራፊክ ደንብ ቁጥር 279/1956 መውጣቱ ሲሆን፣ ይህ ደንብ በ2003 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 208 እስኪተካ ድረስ ለረጅም ጊዜ የትራፊክ ቁጥጥር መሠረት ሆኖ አገልግሏል።

ሁለተኛው በሰኔ ወር 1956 ዓ.ም. ተሽከርካሪ ሁሉ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ እንዲዛወር መደረጉ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በኢትዮጵያ መኪና የሚነዳው ግራ ይዞ ነበር። ለነባሩ የጭነት መኪና ሾፌር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ለዓመታት እጁና ዐይኑ የለመዱትን መተውና በጠመዝማዛ ተራራ ላይ በተቃራኒው ወገን መጓዝ ነበረበት። ሙያ በልምድ ብቻ እንደማይዘለቅና ሕግ ሲለወጥ ባለሙያውም እንደ አዲስ መማር እንዳለበት በግልጽ የታየው ያኔ ነው።

መንጃ ፈቃዱም በደረጃ የተከፋፈለ ነበር። በተለምዶ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ እየተባለ ሲጠራ፣ ከባዱንና ባለተሳቢውን መኪና ለመንዳት የሚያበቃው አምስተኛው ነው። «አምስተኛ አለው» ማለት በገጠር ከተሞች ትልቅ ክብር የሚያሰጥ ነበር። ተፈታኙ የመለማመጃ ፈቃድ አውጥቶ ከባለ ፈቃድ ሾፌር ጋር ይለማመድና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈታኞች ፊት ይቀርባል። ፈተናው ልምምዱ የትም ይካሄድ፣ በማንም ይሰጥ፣ የመጨረሻውን ችሎታ የሚመዝን ነበር። በመሆኑም ረዳትነትና ፈተና ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋል።

ኮታ፣ ድርቅና የመኪና እጥረት

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የጭነት ማመላለሻው ሥራ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ዋለ። የግል መኪናዎች ሳይቀሩ በተራና በተመን እንዲሠሩ ተደረገ። አርሶ አደሩም ምርቱን በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያቀርብ ስለ ተገደደ፣ ጭነቱ ወዴት እንደሚሄድና በስንት እንደሚጓጓዝ የሚወስነው እሱ አልነበረም።

የአሽከርካሪና የመኪና እጥረት ምን ያህል አስከፊ ሊሆን እንደሚችል የታየው በ1977 ዓ.ም. የድርቅና የረሃብ ዘመን ነው። ከውጭ የመጣው የእርዳታ እህል አሰብ ወደብ ላይ ሲከማች፣ ወገን በወሎና በትግራይ በረሃብ ያልቅ ነበር። ለመዘግየቱ ምክንያቶቹ ብዙ ቢሆኑም አንዱ በቂ የጭነት መኪና አለመኖሩ ነው። በዚያ ወቅት ሌሊትና ቀን ከወደብ ወደ መጠለያ ጣቢያ የተመላለሱት አሽከርካሪዎችና ረዳቶች በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ሊመሰገኑ የሚገባቸው ናቸው። ስማቸው በመዝገብ አልተጻፈም፤ ብዙዎቹም ሙያውን ያገኙት በረዳትነት ነበር።

ነፃ ገበያና የዩኒየኖች መምጣት

በ1982 ዓ.ም. የእህል ኮታ ቀረ። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጭነት ማመላለሻ ተመንና ተራ ነፃ ወጥቶ የግል ባለሀብቶች በስፋት ወደ ሥራው ገቡ። መንጃ ፈቃድ የመስጠቱ ሥልጣንም ወደ ክልሎች ወረደ። የአይሱዙ መኪና እስከ ወረዳ ከተማ ድረስ መግባት ጀመረና ለገበሬው ገበያ ቀረበለት። በአንጻሩም ቶሎ ደርሶ ቶሎ የመመለስ ውድድር አደጋን አበዛ።

የወደቡም መስመር ተለወጠ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋና ወጪና ገቢው ጭነት በአብዛኛው ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዳፕና ዩሪያ ማዳበሪያ ከዘር በፊት እንዲደርስ፣ ቡናውም በውሉ ቀን መርከብ ላይ እንዲጫን በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚመላለስ አሽከርካሪ ተፈላጊነቱ ከፍ አለ።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ መሠረታዊ ማኅበራት ተደራጅተው ዩኒየን መመሥረት ሲጀምሩ ካነሷቸው ችግሮች አንዱ ይኸው የመጓጓዣ ጉዳይ ነው። በመከር ወቅት መኪና ይጠፋል፤ ሲገኝም ኪራዩ ይንራል። ስለዚህ ከትርፋቸው ቆጥበው የራሳቸውን መኪና የገዙ ዩኒየኖች ጥቂት አይደሉም። መኪና መግዛት በገንዘብ ይቻላል። ጥሩ አሽከርካሪ ግን በጨረታ ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ አይደለም።

አዋጅ ቁጥር 600 እና ከዚያ ወዲህ

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600 በሙያው ታሪክ ትልቅ ምዕራፍ ነው። ከዚህ አዋጅ ወዲህ ፈቃድ ፈላጊ ሁሉ ዕውቅና ባለው ማሠልጠኛ ተቋም ገብቶ የክፍልና የተግባር ሥልጠና መውሰድ ግዴታው ሆነ። የትምህርት ደረጃ፣ ዕድሜና የጤና ምርመራም መስፈርት ሆኑ። በ2010 ዓ.ም. ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1074 ተተክቷል።

የፈቃዱም አከፋፈል ከቁጥር ደረጃ ወደ ሥራው ዓይነት ዞረ። ሕዝብ፣ ደረቅ ጭነትና ፈሳሽ ጭነት ለየብቻቸው ሆኑ፤ እንደ ትራክተርና ኮምባይነር ላሉት ደግሞ የልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ፈቃድ አለ። ይህ ክፍፍል ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በጆንያ የታሸገ እህል በደንብ ከታሰረ ባለበት ይቆያል። በቦቴ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ግን መኪናው ሲቆም ወደ ፊት፣ ሲታጠፍ ወደ ጎን ይገፋል። ሰው የጫነ አሽከርካሪ ደግሞ ኃላፊነቱ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ጭነት የራሱ ጠባይ ስላለው የራሱ ሥልጠና ያስፈልገዋል።

አዲሱ ሥርዓት ብዙ ጥቅም አምጥቷል። የመንገድ ሕግ ለሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ይሰጣል። የሾፌር ፊት ማየት ሳያስፈልገው ማንኛውም መስፈርቱን ያሟላ ወጣት፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ተመዝግቦ መሠልጠን ይችላል። በሌላ በኩል ሁለት ነገሮች ቀርተዋል። አንደኛ፣ ለዓመታት በረዳትነት ያገለገሉና ሙያውን የሚያውቁ፣ ነገር ግን የትምህርት ማስረጃ የሌላቸው ሰዎች በሩ ተዘጋባቸው። ከእነዚህ ውስጥ የገበሬ ልጆች ቁጥር ቀላል አይደለም። ሁለተኛ፣ ረዳቱ በዓመታት ያገኝ የነበረው ትዕግሥት በጥቂት ወራት ሥልጠና የሚገኝ አልሆነም። የሥልጠና ሰዓት ሳያሟሉ ማስረጃ ስለሚሰጡ ተቋማትና ስለ ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድም በየጊዜው ቅሬታ ሲሰማ ቆይቷል። በ2009 ዓ.ም. ብቻ በአገሪቱ ከ4,000 በላይ ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ማጣታቸው ሲታሰብ ጉዳዩ የወረቀት ጉዳይ አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ለፈተና የሚዘጋጅ ወጣት

ዛሬ ለጭነት መኪና ፈቃድ የሚዘጋጅ የአርሶ አደር ልጅ ሁለቱንም ውርስ፣ የሕጉንና የረዳቱን ዕውቀት፣ ይዞ መቅረብ ይገባዋል።

በክፍል ትምህርቱ የመንገድ ሕግና ምልክት፣ የአሽከርካሪ ሥነ ምግባር፣ የተሽከርካሪ ቴክኒክና የአደጋ ጊዜ እርዳታ ይሰጣል። ብዙ ሠልጣኝ የጥያቄና መልስ ወረቀት በቃሉ ሸምድዶ ይገባል። ነገር ግን ምክንያቱን ሳያውቅ የሸመደደ ሰው ጥያቄው አቀራረቡን ሲለውጥበት ይወድቃል፤ መንገድ ላይም አይጠቅመውም። ለምሳሌ ርቀት ጠብቅ የሚለውን ሕግ እንውሰድ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል። አሽከርካሪው አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት፣ መኪናው ገና ሳይያዝ ያን ያህል ርቀት ሄዷል ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ማብረድ ያለበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ያወቀ ሰው ሕጉን አይረሳውም።

በተግባር ፈተና ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው እርጋታ ነው። ሠልጣኙ መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዞሮ ማየትን ልማድ ማድረግ አለበት። ጎማው አየር አለው ወይ? ዘይትና ውኃው ትክክል ነው ወይ? ከመኪናው ሥር የፈሰሰ ነገር አለ ወይ? መብራትና ፍሬቻው ይሠራል ወይ? የአየር ፍሬን ያለው ከባድ መኪና ከሆነ፣ የአየር መጠኑ እስኪሞላ ሳይጠብቁ መነሣት ትልቅ ስሕተት ነው። ወደ ኋላ ሲያስጠጋ በመስታወቱ አይቶ ካልተማመነ ቆሞ ወርዶ ማየት አለበት። ወርዶ ማየት የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ድሮ ረዳቱ የተቀመጠው ለዚሁ ነበር። ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሣ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ፍሪሲዮንን በዝግታ መልቀቅ በአንድ ቀን የማይገኝ፣ በድግግሞሽ ብቻ የሚመጣ ችሎታ ነው።

ጭነትንም በሚመለከት ፈተናው የማይሸፍነው ብዙ ነገር አለ። ጆንያ አንድ ወገን ካመዘነ መኪናው መታጠፊያ ላይ ይገለበጣል። ሸራው ካልተወጠረ ዝናብ ገብቶ እህሉ ይሻግታል። ማዳበሪያ እርጥበት ካገኘው ይጓጉላል። ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ቶሎ አይቆምም፤ የመንገድ ሚዛን ጣቢያ ላይም ይያዛል። የገበሬ ልጅ እህል እንዴት እንደሚበላሽ ከማንም በላይ ስለሚያውቅ በዚህ በኩል ከከተሜው ይቀድማል።

ከዩኒየኖች የሚጠበቀው

ከላይ የታየው ታሪክ የሚያስተምረው ረዳትነት ያለ ሕግ፣ ፈተናም ያለ ልምድ ለብቻቸው በቂ እንዳልሆኑ ነው። ሁለቱን ማገናኘት በዩኒየኖች አቅም የሚቻል ነው። አዲስ ፈቃድ ያወጣ ወጣት በቀጥታ ባለተሳቢ መኪና ከሚሰጠው፣ አንድ የመከር ወቅት ከነባር አሽከርካሪ ጋር ቢመደብ ወጪው ትንሽ፣ ትርፉ ብዙ ነው። ነባሩም ዕውቀቱን ሳያስተላልፍ ጡረታ አይወጣም። ቅጥር ሲፈጸም ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን ከሰጪው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ፣ የጥፋት መዝገቡንም ማየት ይገባል። ችሎታ እያላቸው በትምህርት ማስረጃ ምክንያት የቀሩ ረዳቶች በማታ ትምህርት እንዲቀጥሉ ማገዝም የዩኒየኑን ሙያተኛ ማብዛት ነው።

ከሁሉ በላይ አሽከርካሪው እንዲቸኩል የሚያስገድድ አሠራር መወገድ አለበት። በምልልስ ብዛት ብቻ የሚከፈለው ሰው ሳይተኛ መንዳቱ አይቀርም። የቦርድ አባላት የኩንታል ዋጋ ሲያሰሉ የአሽከርካሪውን ዕረፍትም አብረው ቢያሰሉት፣ እህሉ አንድ ቀን ዘግይቶም ቢሆን በሰላም ገበያ ይደርሳል፤ ልጃቸውም በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል።